የሰው ደወል

ጋሽ ዳምጤ ቁጡ ሰው ናቸው። ሜልበርን ዳር ባለችው ታርኔት ውስጥ ይህን የማያውቅ ሐበሻ ቢኖር ትናንት ከኤርፖርት የገባ ነው። ባቡሩ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ ይቆጣሉ፤ ጎረቤታቸው የቆሻሻ ቢኑን ባልተራው ቀን ሲያወጣ ይቆጣሉ፤ የሱፐርማርኬቱ ማሽን "ሠራተኛ ይጠብቁ" ሲላቸው ዕቃቸውን እዚያው ትተው ይወጣሉ። ደግሞ እንደ ሌላው ሰው አይጮኹም። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ፣ ዝቅ ይልና የግራ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። ልጃቸው አዜብ ነርስ ናት፤ አባቷ ጆሯቸውን ሲይዙ ካየች ሻይዋን ይዛ ወደ መኝታ ቤቷ ትገባለች።

ጆሮው የተበላሸው ምፅዋ ላይ ነው፤ በውሃ ግፊት። ጋሽ ዳምጤ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። የወሎ ልጅ ናቸው፤ ከኩታበር ተነስተው ሲቀጠሩ ከቦርከና የሚበልጥ ውሃ አይተው አያውቁም። ሥራቸው ወደብ ውስጥ የሰጠመውን ማውጣት ነበር፤ መልሕቅ፣ ጀልባ፣ ከክሬን ያመለጠ ጭነት፣ አንዳንዴም ሰው። ያስተማሯቸው ሻለቃ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ "መጀመሪያ ቦታው፣ ቀጥሎ ሟቹ፣ መጨረሻ ዕቃው።" ጠላቂው ምንም ነገር ሳይነካ ብቅ ይልና የብስ ላይ ሁለት ምልክት ይይዛል። የመስጊዱ ሚናራ ከኋላው ካለው የተራራ ጫፍ ጋር ልክ ይገጥማል እንበል፤ ያ አንድ መስመር ነው። ዞር ብሎ በሌላ አቅጣጫ ሌላ ሁለት ምልክት ያጋጥማል። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት፣ ቦታው ያ ነው። እዚያው በደብተር ይጻፋል። ሻለቃው ቦታውን ሳይጽፍና ሳያስታውቅ ዕቃ ያወጣን ጠላቂ ሌባ ነበር የሚሉት፤ ሌላ ስም አልነበራቸውም።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት መንግሥት ሲወድቅ ጋሽ ዳምጤ ከአሰብ በአንዲት ጎታች ጀልባ ወደ የመን ሸሹ። አርባ ምናምን ሰው ታጭቆባታል። አብሯቸው ዘጠኝ ዓመት የጠለቀ ሓድሽ የሚባል የአዲግራት ልጅ ነበረ፤ ሳቂታ፣ ከውሃ ሲወጣ እንኳ አፉ የማይዘጋ። ጎሕ ሲቀድ ጀልባዋ ከውሃው በታች ያለ ቋጥኝ መታችና ሆዷ ተቀደደ። ሓድሽ ቀዳዳውን እደፍናለሁ ብሎ ወደ ሞተር ክፍሉ ወረደ፤ ጋሽ ዳምጤ ገመዱን ከላይ ያዙ። ገመዱ ተወጠረ፤ ከዚያ ላላ። በሥራው ደንብ ገመዱ ሲላላ ላይ ያለው ሰው ይወርዳል። ጋሽ ዳምጤ አልወረዱም። ጀልባዋ ስትዘነበል ዘለሉ።

ውሃው ላይ ሆነው ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛው፣ ልማድ አይለቅምና፣ ምልክት ያዙ፤ የአንዲት ደሴት ሁለት ጫፍ ሲገጥም፣ በሌላው በኩል አንድ ነጭ አለት ከጀርባው ካለው ጉብታ ጋር። ሁለተኛው፣ ተሳሉ። "የብስ ካደረስከኝ፣ በደረስኩበት አገር ላለች ቤተ ክርስቲያን ደወል አስገባለሁ" አሉ። የየመን ዓሣ አጥማጆች የጨው ውሃ አሳብጧቸው ለቅመው አወጧቸው። ደረቅ ወረቀት ባገኙ በመጀመሪያው ቀን ምልክቱን ጻፉት።

ከዚያ ኬንያ፣ ከዚያ ሜልበርን። ሰንሻይን በሚባል ሰፈር አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በሺፍት ሠሩ። ስለቱ ግን አልተከፈለም። መጀመሪያ ምክንያት ነበራቸው፤ ምእመናኑ አዳራሽ በሰዓት እየተከራዩ የሚቀድሱ ናቸው፣ ደወሉ የት ይሰቀላል? በኋላ የድሮ የጎማ መጋዘን ተገዝቶ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ምክንያቱም አለቀ፤ እሳቸው ግን ዛሬ ነገ ማለት አላቆሙም። ባለቤታቸው እታገኘሁ በሕመም ስታርፍ፣ አልቃሹ ሁሉ "የእግዜር ፈቃድ ነው" ሲላቸው፣ እሳቸው ጆሯቸውን ያዙ። በልባቸው "ስለቴ ነው የበላት" ብለው ቆርጠዋል። ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ ቁጡ የሆኑት ይላል የሚያውቃቸው ሰው። እኔ ግን ከዚያም በፊት የሚቆጡት በራሳቸው ነበር ባይ ነኝ፤ ሌላው ሰው ፊት ለፊታቸው ስለተገኘ ነው የሚደርሰው።

ሰንሻይን በነበሩ ጊዜ ጎረቤታቸው ሌስ የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። የተዋወቁት በጆሮ ነው። አጥር ለአጥር ቆመው ሲያወሩ ሁለቱም አንድ አንድ ጆሯቸውን ወደ ፊት ያቀርባሉ፤ ሌስም በወጣትነቱ ጠላቂ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ወንድማማች ሆኑ። ጋሽ ዳምጤ ታርኔት ከልጃቸው ጋር ከገቡ በኋላም በየሁለት ሳምንቱ በባቡር እየሄዱ ይጠይቁት ነበር።

ሌስ ሊሞት ሰሞን ጋራዡ ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንዲያወጡ ነገራቸው። ደወል ነው፤ የናስ፣ ሁለት እጅ የሚያህል፣ ከንፈሩ ላይ "ማርያን ግሬይ" ተብሎ የተቀረጸበት። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ከሜልበርን ባሕረ ሰላጤ አፍ ወዲያ ማዶ ካለው ቋጥኝ ሥር አንድ የድሮ የሸራ መርከብ ስብርባሪ ላይ ወድቆ አግኝቶ ያወጣው እሱ ነው። ለማንም አልተናገረም። በኋላ ሕግ ወጣ፤ ከሰጠመ መርከብ የተወሰደ ሁሉ ይመዝገብ፣ አይሸጥ፣ አይሸሸግ ተባለ። ምሕረትም ተሰጥቶ ሰዉ ሁሉ ያለውን ሲያሳውቅ ሌስ ፈርቶ ቀረ፤ ቆየና ፍርሃቱ ወደ ኀፍረት ተለወጠ። ከደወሉ ጋር አንዲት ቅባት የነካካት ደብተር አለች፤ ውስጧ ሁለት መስመር፣ መርከብ የሚመራው የመብራት ማማ ከዚህ ጋር ሲገጥም፣ ያኛው ጉብታ ከዚያ ጋር። ሌስ የጋሽ ዳምጤን እጅ ይዞ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስረክብልኝ፣ እኔ አፍሬ ነው አለ። ጋሽ ዳምጤም እሺ አሉ። በሦስተኛው ቀን ሌስ ሞተ።

እንግዲህ ስለት ያለበት ሰው አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ስለት ያለበት ያውቀዋል። ጋሽ ዳምጤ ደወሉን ታርኔት አምጥተው አልጋቸው ሥር ካስቀመጡ በኋላ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በባሕር ላይ ደወል ተሳሉ፤ ይኸው ከባሕር ደወል መጣ። ይህ የሰው ሥራ ነው? ሌስ መልእክተኛ እንጂ ምን ነበር? እያሉ ራሳቸውን አሳመኑ። ደወሉን በሎሚና በአመድ ፈትገው አስለቅቀው አወለወሉት፤ ደብተሯን ኮመዲኖ ውስጥ ከተቱ። በኅዳር ወር በዓል ቀን ደወሉ በእልልታ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ስለት መሆኑም በማይክ ተነገረ። አሮጊቶቹ ጉልበታቸውን ስመዋቸው አለቀሱ።

ከኅዳር እስከ ሐምሌ ጋሽ ዳምጤ አንድ ቀን እንኳ ጆሯቸውን አልያዙም። የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት አትደውሉ ብሎ ሲጽፍ እንኳ "ሰው ይተኛ እንጂ፣ ልክ ናቸው" አሉ። አዜብ ታመው እንዳይሆን ብላ ደም ልታስመረምራቸው ነበር።

ከዚያ ሲሃም መጣች።

ሲሃም የሐረሪ ልጅ ናት፤ ሜልበርን ተወልዳ ያደገች፣ የሰጠሙ መርከቦችን የሚያጠና መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠራ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ተስፋሚካኤል፣ ያ ፖይንት ኩክ ሰፈር ቤት የሚያሻሽጠው ማለት ነው፣ የደወሉን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ኖሮ የመርከቡ ስም ጥርት ብሎ ይነበባል። አንድ ሰው አይቶ ለመሥሪያ ቤቱ ልኮታል። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዳምጤ መሰላል ላይ ቆመው ደወሉን ሲወለውሉ ልጅቱ ሻሿን እያስተካከለች ግቢው ውስጥ ገባች፤ በተሰባበረ ግን ጨዋ በሆነ አማርኛ "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ሰዓት ይሰጡኛል?" አለች።

የእኛው ልጅ መሆኗ ነው ይበልጥ ያናደዳቸው። ፈረንጅ ቢመጣ አንድ ነገር ነው። ከመሰላሉ ሳይወርዱ፣ ድምፃቸው እንደ ልማዳቸው ዝቅ ብሎ፣ ተልከሽ ነው የእኛን ስለት ልታወርጂ የመጣሽው አሏት። ተስፋሚካኤልም ከቢሮው ወጥቶ ለታቦት የገባ ነገር አይወጣም፣ ጠበቃም አለን፣ እያለ ደረቱን ነፋ። ሲሃም ሁለቱም እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ አንድ የመቃብር ድንጋይ ፎቶ አሳየች።

የነገረቻቸው ይህን ነው። የዛሬ መቶ ስድሳ ምናምን ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የንግድ መርከቦች በዚያ ዳርቻ ጠፉ። ሁለቱም ከሞሪሸስ ስኳር ጭነው የሚመጡ፣ ሁለቱም በሸራ የሚሄዱ። ባሕሩ አሥራ አንድ ሬሳ ተፋ፤ በዚህ ድንጋይ ሥር ባንድ ላይ ተቀበሩ። ስኳሩ ቀልጦ ባሕር ገብቷል፤ ነጋዴዎቹ ግን ወዲያው ሰው ቀጥረው ከአሸዋው ላይ ጣውላውን፣ ሸራውን፣ ገመዱን ለቃቅመው በጨረታ ሸጡ። የዚያ ጨረታ ዝርዝር እስከ ዛሬ አለ፤ ገመዱ ስንት ጥቅል እንደነበር፣ ስንቱ ጣውላ እንደተሰነጠቀ ተጽፏል። አሥራ አንዱ ሰዎች የየትኛው መርከብ እንደሆኑ ግን ማንም አልጻፈም። የሁለቱም መርከቦች የሠራተኞች ስም ዝርዝር፣ በየዝርዝሩ አሥራ አንድ ስም፣ መዝገብ ቤት አለ፤ የትኛው ዝርዝር የእነዚያ ሰዎች እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

"ደወሉ ለብቻው ናስ ነው፣ ጋሼ" አለች። "የሚናገረው ቦታው ነው፤ መርከቧ ሬሳዎቹ ከወጡበት ዳርቻ ፊት ለፊት ከሰጠመች ሰዎቹ የእሷ ናቸው። ደወሉን ለጊዜው ይተዉት፤ ከየት እንደወጣ ብቻ ይንገሩኝ።"

ጋሽ ዳምጤ ከመሰላሉ ወርደው ጨርቁን ጨምቀው ባልዲያቸው ላይ ዘረጉት። "አላውቅም" አሉ።

ሲሃም ስልክ ቁጥሯን ጽፋ ሰጥታቸው ሄደች። ተስፋሚካኤል ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ "አበጁ ጋሼ፣ እንዲህ ነው እንጂ" አለ። ያን ጊዜ ጋሽ ዳምጤ የግራ ጆሯቸውን ያዙ።

አላውቅም የምትለዋን ቃል ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብለዋታል። በዘጠና ዓመተ ምሕረት በቀይ መስቀል በኩል ሜልበርን ድረስ የመጣች አንዲት ደብዳቤ ነበረች፤ የሓድሽ እህት ብሥራት የጻፈችው። ከወንድሜ ጋር የት ተለያያችሁ፣ እናታችን ትጠይቅዎታለች ትላለች። ጋሽ ዳምጤ ሰባት ጊዜ ጽፈው ሰባት ጊዜ ቀደዱ። ቦታውን ከጻፉ ገመዱን መጻፍ ነው፤ ገመዱን ከጻፉ አለመውረዳቸውን መጻፍ ነው። በስምንተኛው "አሰብ ወደብ ላይ ተለያየን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም" ብለው ላኩ። ብሥራት ሁለተኛ አልጻፈችም።

ከሲሃም በኋላ የመጣው ሳምንት ለታርኔት ሐበሻ ሁሉ ክፉ ሳምንት ነበር። ጋሽ ዳምጤ ባቡር ላይ ጫማውን ወንበር ላይ ከሰቀለ ጎረምሳ ጋር ተጣሉ። አዜብ ሽንኩርት አሳረረች ብለው እራት ሳይበሉ ቀሩ። ሌስን እንኳ፣ ያን የሞተ ሰው፣ መቃብሩ ድረስ ሄደው ሊሰድቡት አማራቸው፤ "ነውርህን ለእኔ አውርሰህ ሄድክ፣ አንተ ፈሪ" እያሉ ለብቻቸው ሲያጉረመርሙ አዜብ ሰምታለች። ነውሩ የማን እንደሆነ ግን ያውቁታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰሙም? እሳቸው ራሳቸው ስንቱን የተረቱበት ምሳሌ አይደለም እንዴ?

ቅዳሜ ደርሶ አዜብ ሺፍት ያልነበራት ለት፣ ወደዚያ መቃብር ውሰጂኝ አሏት። የት እንደሆነ ከሲሃም ፎቶ ላይ አንብበው ይዘውታል። ጂሎንግን አልፈው፣ ነፋሱ መኪናዋን እየገፋት፣ ባሕሩ ጠባብ አፉን ከፍቶ የሚታይበት ጉብታ ላይ ደረሱ። መቃብሩ ሣር የዋጠው ነው። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው አጭር ነው፤ አሥራ አንድ መርከበኞች፣ ስማቸውን እግዚአብሔር ያውቃል ይላል።

ጋሽ ዳምጤ ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ ሲናገሩ፣ አዜብ ከተወለደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጮኹ።

"እግዚአብሔር ያውቃል ብለው ተገላገሉ! ገመዱን ቆጠሩ፣ ጣውላውን ቆጠሩ፣ ሰዉን ለእግዜር ጣሉለት! እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው? ሌስ ያውቅ አልነበረም? እኔስ አላውቅም? እኔ እኮ አውቃለሁ!"

አዜብ ነገሩ አልገባትም። የሌስን ደብተር እንኳ አይታ አታውቅም። ኮቷን በትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋ ቀስ ብላ "አባዬ፣ ቦታውን ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?" አለቻቸው። እሷ የጠየቀችው ስለ ደወሉ ነው። እሳቸው የሰሙት ስለ ሓድሽ ነው። መኪናው ውስጥ ገብተው እስከ ታርኔት ድረስ ሁሉንም ነገሯት፤ ጀልባዋን፣ ገመዱን፣ ደብዳቤውን። አዜብ ሁለት ጊዜ መኪናዋን ዳር ይዛ ቆመች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲነገር ጋሽ ዳምጤ ማይክ ጠየቁ። ተስፋሚካኤል ምሥጋና ሊያቀርቡ መስሎት ፈገግ ብሎ ሰጣቸው።

"ይህን ደወል ስለቴ ነው ብዬ አስገብቻለሁ፤ እናንተም እልል ብላችሁልኛል" አሉ። "ውሸቴን ነው። የእኔ አይደለም። የሞተ ሰው አስረክብልኝ ብሎ የሰጠኝ አደራ ነው። አደራ በልቼ ነው ስለት የከፈልኩት። ዛሬ አወርደዋለሁ።"

መጋዘኑ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። ተስፋሚካኤል ማይኩን ሊቀማቸው እየሞከረ ለታቦት የገባ አይወጣም የምትለዋን ደገማት። ጋሽ ዳምጤም የተሰረቀ ነገር መጀመሪያውኑ ለታቦት አይገባም አሉት፤ ይህን ሲሉ ማይኩ አላስፈለጋቸውም። ተስፋሚካኤል፣ ሕዝቡን በፌስቡክ የጠራሁበት ደወል የት ሄደ ሲሉኝ የፊታችን ኅዳር ምን ብዬ ልመልስ አለ። ነገሩ ለእሱ ይኸው ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ ከመቅደሱ በር ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተው "ያውርዱት፤ እግዚአብሔር የሰው ዕቃ አይፈልግም" አሉ። ነገሩ በዚያ አለቀ።

ጋሽ ዳምጤ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው መሰላሉን ወጡ። ልጆች እንርዳዎት ቢሏቸው አልሰሙም። ገመዱን በባሕር ኃይል አስተሳሰር አስረው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያንኳኩ፣ ደወሉን ቀስ አድርገው ወደ መሬት አወረዱት። አንዳንዱ ምእመን ፊቱን አዞረባቸው። ጉልበታቸውን ከሳሙት አሮጊቶች አንዷ "አዋረዱን" ብላ አጠገባቸው እያለች ለሌላዋ ነገረቻት። እውነቷን ነው፤ አዋርደዋቸዋል።

ሰኞ ደወሉንና ደብተሯን ለሲሃም አስረከቡ። ልጅቱ ደብተሯን ገልጣ ሁለቱን መስመሮች ስታይ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለች። አላውቅም ብለውኝ አልነበር ብላ አልጠየቀቻቸውም። የሚቆጣቸው ሰው ነበር የፈለጉት፤ እሷ ግን ሻይ ነው የቀዳችላቸው።

ከአራት ወር በኋላ ጠላቂዎቹ በዚያው ቦታ መርከቡን አገኙት፤ ማርያን ግሬይ ናት፣ ሬሳዎቹ ከወጡበት አሸዋ ፊት ለፊት። ሲሃም የአሥራ አንዱን ስም ዝርዝር በፖስታ ላከችላቸው። ጋሽ ዳምጤ አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። ዘጠነኛው ላይ "ዮሴፍ፣ ምግብ አብሳይ" ብቻ ይላል። "የማን ልጅ ዮሴፍ? አባት የለውም?" ብለው ደግሞ ተቆጡ። ቢሆንም ዮሴፍ ዮሴፍ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ይጻፋል።

ስለቱ ግን እንዳለ ነው። ጋሽ ዳምጤ ከአንድ የጠላቂዎች ሱቅ ጊዜው ያለፈበት የአየር ሲሊንደር ገዙ፤ በወጣትነታቸው ጀርባቸው ላይ ይዘውት የሚወርዱት ዓይነት፣ ከባድ ብረት። ሰንሻይን ብየዳ ቤት ያለው ቶሌሳ ቂጡን ቆርጦ ጣለላቸው። አገር ቤት ስንቱ ገጠር በመኪና ቸርኬ ይደወል የለም? ወስደው ሰቀሉት። ተስፋሚካኤል አንድ ጊዜ መትቶ ፊቱን አጨማደደ፤ የተሰነጠቀ ድስት ይመስላል፣ ምን ዓይነት ድምፅ ነው አላቸው። ጋሽ ዳምጤም "የእኔ ነው" አሉት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደወለው ለሓድሽ ፍትሐት እንዲሆን ፈለጉ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላስፈቱለትም፤ ማስፈታት መሞቱን አውቃለሁ ማለት ነውና። አስተዳዳሪውም፣ ደግ ነው፣ የክርስትና ስሙን አምጡልኝ አሉ። ጋሽ ዳምጤ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ገመድ አብረውት ወርደዋል፤ የሚወደውን ወጥ ያውቃሉ፣ ሲተኛ የሚያንኮራፋውን ያውቃሉ። የክርስትና ስሙን ጠይቀውት አያውቁም።

አዜብ ብሥራትን በፌስቡክ አገኘቻት። አዲግራት ናት። ጦርነቱን እንዴት እንዳለፈችው እንኳ ጋሽ ዳምጤ ጠይቀዋት አያውቁም። ስልኩ የተደወለው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ እዚያ ጠዋት ሲሆን። አዜብ ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። ጋሽ ዳምጤ ሰላምታውን አሳጥረው ሁሉንም ተናገሩ። ቋጥኙን፣ ገመዱን፣ መላላቱን። አልወረድኩም አሉ። ከዚያ ያን ከየመን ጀምሮ ያልተለያቸውን ቢጫ ወረቀት አውጥተው ምልክቶቹን አነበቡላት፤ የደሴቲቱን ሁለት ጫፍ፣ ነጩን አለት፣ ጉብታውን። በመጨረሻም የክርስትና ስሙን ጠየቋት።

ብሥራት ስትናገር አንቱታው ቀርቷል።

"እናቴ በሩን ሳትቆልፍ ነው የሞተችው" አለች። "ሃያ ስድስት ዓመት። ሌባ ሁለት ጊዜ ገብቶብናል። አትቆልፉት፣ ልጄ ሲመጣ ውጭ እንዳይቆም ትል ነበር። ያን ደብዳቤ ስትጽፍልን ይህ ወረቀት እጅህ ላይ ነበረ?"

"ነበረ" አሉ ጋሽ ዳምጤ።

ጆሯቸውን ሊይዙ እጃቸው ተነሳ፤ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የሚቆጡበት ሰው አልነበረም።

"ገብረ መድኅን ነው" አለች ብሥራት። "ጻፈው። አሁን፣ እኔ እየሰማሁ ጻፈው።"

አዜብ እስክሪብቶ አቀበለቻቸው። ጋሽ ዳምጤ ከምልክቶቹ ሥር፣ በዚያው ቢጫ ወረቀት ላይ፣ እየጮኹ ፊደል በፊደል ጻፉት። ጨርሰው ቀና ሲሉ ስልኩ ተዘግቶ ነበር።